«ሆድ ይፍጀው» ስለሚባለው ክፉ ምክር

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ተናግረዋል። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን በአፋችን የማናውቀው የለንም፤ በሥራ ግን የምንኖረው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰው ጉንፋን ሲይዘው ለጎረቤቱ ሁሉ ይናገራል፤ ጎረቤቱም ዝንጅብሉንና ነጭ ሽንኩርቱን ይዞ ይመጣለታል። ከባድ ደዌ ባገኘው ጊዜ ግን ዘመድ ወዳጁ በር ዘግቶ ይሰበሰብና «ሆድ ይፍጀው፤ ለሰው አይነገርም» ብሎ ይመክረዋል። እንግዲህ ቀላሉ ሕመም ብዙ ረዳት ሲያገኝ፣ ረዳት የሚያስፈልገው ከባዱ ሕመም ብቻውን ይቀራል ማለት ነው። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ምክሩ ግን ክፉ ነው። ስለዚህ የምከራከረው ከሰዎቹ ጋር ሳይሆን ከምክሩ ጋር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማን እንደ ሆንሁ ልናገር። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ፊደልና እንግሊዝኛ ተምሬ፣ ኋላም 36 ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ያስተማርሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 67 ነው። ከዚህም ውስጥ ያለፉትን 11 ዓመታት የኖርሁት ከደም ካንሰር ጋር ነው። ይህን የምጽፈው አንባቢ እንዲያዝንልኝ አይደለም፤ የሚታዘንልኝ ሰው አይደለሁምና። ጠዋት ተነሥቼ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ፤ ሁለት ልጆቼን የዳርሁትና የመጀመሪያውን የልጅ ልጄን ያቀፍሁት ከታመምሁ በኋላ ነው። የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውም ምን እንደ ሆነ ከዚህ በታች እናገራለሁ።

በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ካዛንችስ ስኖር ሰውነቴ መድከም ጀመረ። ሁለት ጉርሻ ስጎርስ ሆዴ ይሞላል፤ ከግራ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ በታች ድንጋይ የተቀመጠ ያህል ይከብደኛል፤ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ድረስ ያልበኛል፤ ሱሪዬም ያለ ቀበቶ አልቆም አለኝ። መጀመሪያ የሄድሁበት የጤና ቤት ጨጓራ ነው ብሎ አራት ወር የጨጓራ መድኃኒት ሰጠኝ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ደሜን ቢያስቆጥር፣ በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚደርሰው ነጭ የደም ሕዋስ በእኔ ዘንድ ከ200,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ግን ውጤቱን የነገረው ለእኔ አልነበረም፤ አብሮኝ የመጣውን የባለቤቴን ወንድም ወደ ውጭ ጠርቶ ለእርሱ ነገረው። እኔ የገዛ ሕመሜን ስም ያወቅሁት ከጠረጴዛው ላይ የቀረውን ወረቀት አንብቤ ነው። ፊደል ባላውቅ ኖሮ በራሴ ሥጋ ላይ የሆነውን ነገር ለመስማት የመጨረሻው ሰው እሆን ነበር።

በዚያው ማታ ባለቤቴና ወንድሟ «ለልጆቹ አይነገር፤ ለጎረቤትም አይነገር፤ ሆድ ይፍጀው» ብለው ቆረጡ፤ እኔም ተስማማሁ። ለልጆቼ «ደም ማነስ ነው» አልናቸው። መድኃኒቴን በባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄ ከመደርደሪያው ላይ አኖርሁት። ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በምሄድበት ቀን ጎረቤት «ወዴት ነው ጋሼ?» ሲለኝ «ለጡረታ ጉዳይ» እል ነበር። ገና ጡረታ ሳልወጣ የጡረታ ጉዳይ ስለ በዛብኝ፣ አንዲት ጎረቤቴ «ምን ነካቸው፣ እርስዎን የመሰለ ሰው እንዲህ ያመላልሳሉ?» ብለው ተቈጡልኝ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ በክፍል ውስጥ ልጆችን «ውሸት ነውር ነው» እያልሁ የማስተምር ሰው በየሦስት ወሩ እዋሽ ነበርና።

እዚህ ላይ የበሽታውን ነገር በአጭሩ ማስረዳት ይገባኛል፤ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነገር ነውና። ደማችን የሚፈጠረው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኒ ነው። ቀዩ ሕዋስ ከሳምባ የተቀበለውን አየር ለሰውነት ያድላል፤ ነጩ በሽታን ይዋጋል፤ ከሁለቱ የሚያንሱ ሌሎች ደቃቆች ደግሞ ደም ሲፈስ ያረጋሉ። የደም ካንሰር ማለት ይህ ሥርዓት ተበላሽቶ የማይረቡ ሕዋሳት ያለ ልክ ሲፈሉና ደጎቹን ቦታ ሲያሳጡ ነው። ሩዶልፍ ቪርኾ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1847 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ያወጣለት ስም ትርጓሜው «ነጭ ደም» ማለት ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ በሳምንታት ውስጥ ሰው የሚጥል ፈጣን ነው፤ አንዳንዱ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚሄድ ዝግተኛ ነው። የእኔ ከዝግተኞቹ አንዱ ነው።

የእኔን ዓይነት ምን እንደሚያመጣው ሊቃውንት ደርሰውበታል። በ1960 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በፊላዴልፊያ ከተማ የዚህን በሽታ ሕዋስ በአጉሊ መነጽር ቢመረምሩ፣ ከክሮሞሶሞቹ አንዱ ከልኩ አጥሮ አገኙት። በ1973 ደግሞ ጃኔት ራውሊ የምትባል የቺካጎ ሐኪም 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ተለዋውጠው እንደ ሆነ አሳየች። ከዚህ ልውውጥ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ይወለዳል፤ ትእዛዙም ሕዋሱን ያለ ማቋረጥ «ተባዛ፣ ተባዛ» የሚል ነው። ብራየን ድረከር የተባለ ሐኪም ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ሆኖ ይህን ትእዛዝ ዝም የሚያሰኝ ኢማቲኒብ የሚባል እንክብል ሞክሮ አገኘው፤ በ2001 በግንቦት ወር በአሜሪካ አገር ተፈቀደ። ከዚያ በፊት የዚህ በሽታ ሰው ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በላይ አይቆይም ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱ የተስማማውና ሳያቋርጥ የሚውጥ ሰው ከእኩዮቹ ብዙም ሳያንስ ዕድሜውን ይኖራል። ይህ መድኃኒት ያልሠራለት ሰው ቢኖርም ከእርሱ በኋላ የተሠሩ ሌሎች አሉ።

እንግዲህ ይህ ሕመም እርግማን አይደለም፤ የሰው ዓይንም አላመጣውም። በእስትንፋስ፣ በማዕድ ወይም በመኝታ አይተላለፍም። የእኔ ዓይነት ከወላጅ ወደ ልጅም አይወርድም። መድኃኒቱን በቀን አንድ ጊዜ እራት በልቼ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ እውጠዋለሁ። ምንም አያደርግም ብዬ አልዋሽም፤ ዓይኔ ሥር ያብጣል፤ እግሬን ሌሊት ይሸመቅቀኛል፤ አንዳንድ ቀን ያቅለሸልሸኛል። ቢሆንም ከዓይን ማበጥና ከመቃብር ምረጥ ለተባለ ሰው ምርጫው ከባድ አይደለም። በገንዘቤ ግዛ ብባል ኖሮ የመምህር ደመወዝ የአንድ ወሩን እንኳ አይችለውም ነበር። ያገኘሁት በነጻ ነው፤ ይኸውም ማክስ ፋውንዴሽን የሚባለው ድርጅትና መድኃኒቱን የሠራው የኖቫርቲስ ኩባንያ ለድኻ አገሮች ሕሙማን ባቋቋሙት የእርዳታ መንገድ ነው።

አሁን ዕዳዬን ልናገር።

በ2010 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ተማሪዬ ካዛንችስ ቤቴ ድረስ መጣች። በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬያት ነበር፤ ገና ጥያቄውን ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን የምትናገር ልጅ ነበረች። ካገባች ቆይታ የአንድ ልጅ እናት ሆናለች። ቡናው በረካ እስኪደርስ ስለ ሰፈሩና ስለ ድሮ ጓደኞቿ ስታወራ ቆይታ፣ ባለቤቴ ሲኒውን ልታጥብ ስትወጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ የደም ካንሰር ነው አሉኝ። የባለቤቴ እናት እንዳይሰሙ ብለውኝ መድኃኒቱን እናቴ ቤት አስቀምጬዋለሁ። እዚያ ስሄድ ብቻ ነው የምውጠው። ከዚህ ጋር የኖረ ሰው ያውቃሉ?»

የቡናው ቆርቆሮ ከራሷ በላይ ከመደርደሪያው ላይ ነበረ። እኔም «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኋት። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመርሁም። ጥቂት ቆይታ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከሰው ነው። መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዋጠች ሦስት ቀን እየተወች ቆየች። ኋላ ዘመዶቿ «ይህ እንክብል ነው የሚያከሳሽ» ብለው ጨርሶ አስተዉአትና ወደ ሩቅ አገር ወሰዷት። ዝግተኛው በሽታ ወደ ፈጣኑ ተለወጠ። በ2011 ዓ.ም. ቀበርናት። በለቅሶው ቤት ሰው ሁሉ «ድንገተኛ ነው፤ ምች ነው» ይል ነበር። እኔም ንፍሮ በእጄ ይዤ ከሰው መካከል ተቀምጬ «አዎን፣ ድንገተኛ ነው» አልሁ።

ብነግራት ኖሮ በእርግጥ ትድን ነበር ብዬ አልምልም፤ የሰው ዕድሜ በእጄ አይደለም። ነገር ግን የጠየቀችኝ ገንዘብ አልነበረም፤ ምክርም አልነበረም። ከዚህ ጋር የኖረ ሰው ታውቃለህ ወይ ብላ ነበር የጠየቀችኝ። አንድ ሰው አውቅ ነበር፤ ያም ሰው በፊቷ ተቀምጦ ነበር። የቤተሰቧን ዝምታ የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከሁሉ የከፋው የእኔ ዝምታ ነው፤ እነርሱ ያላወቁትን እኔ አውቅ ነበርና።

እንግዲህ ዝምታን የሚመክሩትን ሰዎች ክርክር አንድ በአንድ እንመልከተው።

አንደኛ፤ «ለበሽተኛው የሕመሙ ስም ከተነገረው ተስፋ ይቆርጣል» ይላሉ። ይህ ርኅራኄ ይመስላል። ግን የእኔን ዓይነት በሽታ ተመልከቱ። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ላቡ ይቆማል፤ የጣፊያው እብጠት ይሟሽሻል፤ ምግብ ይጥማል። ስሙን የሚያውቅ ሰው በሽታው ተኝቷል እንጂ አልሞተም ብሎ እንክብሉን ይቀጥላል። ደም ማነስ ነው የተባለ ሰው ግን ድኛለሁ ብሎ ይጥለዋል። እንግዲህ ስሙን መደበቅ ተስፋን መጠበቅ ነው ወይስ ሰውን ከመድኃኒቱ መለየት? ደግሞም በሽተኛ የቤተሰቡን ፊት ያነባል። በር ተዘግቶ ሲንሾካሾኩ ይሰማል። የማያውቀውን ሞት በልቡ እየሣለ ሌሊቱን ብቻውን ያነጋል። ሐኪሙ በገበያ መካከል ይጩኽ አላልሁም፤ በጥሞና፣ በለሰለሰ ቃል፣ ከሚወደው ሰው ጋር አስቀምጦ ይንገረው ነው የምለው። የገዛ ሥጋው ወሬ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የባለ ሥጋው ነው።

ሁለተኛ፤ «ጎረቤት ከሰማ ጠላት ደስ ይለዋል፤ ሴት ልጅህም ባል ታጣለች» ይላሉ። በዚህ ነገር ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ተፈትነናል። በኤች አይ ቪ ጊዜ በየሰፈራችን የነበረውን ታስታውሱ ዘንድ እናንተ ወጣቶች ዕድሜያችሁ አይፈቅድም፤ እኛ ግን አይተናል። ስሙ አይጠራም ነበር፤ «ያ በሽታ» ነበር የሚባለው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላም ሰው እንዳይታወቅበት ከራሱ ሰፈር ርቆ ሌላ ሰፈር ይታከም ነበር፤ የብልቃጡን ወረቀት ልጦ የሚጥልም ነበረ። ያን ግንብ ያፈረሰው ሐኪም ብቻ አይደለም፤ «እኔ ነኝ» ብለው በሰው ፊት የቆሙ ሕሙማን ናቸው። ስለ ባል መታጣትም፣ አማቱ ታሟል ብሎ የሚሸሽ ሙሽራ ካለ ከሠርጉ በኋላ ከሚሸሽ በፊት ቢሸሽ ትልቅ ጥቅም ነው። የእኔን ልጅ ያገባት ሰው ሕመሜን ከነገርሁት በኋላ በየሦስት ወሩ ሆስፒታል የሚያደርሰኝ እርሱ ሆኗል።

ሦስተኛ፤ «ጸሎትና ጸበል ካለ እንክብል ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በጸሎት ያደግሁ ሰው ነኝና ጸሎትን አልነቅፍም። ነገር ግን ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ የሆነውን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ንጉሡ አልቅሶ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማለት፤ ዕድሜም ተጨመረለት። ይሁን እንጂ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ መድኃኒቱ ለምን አስፈለገ? ሁለቱ ጠበኞች ስላልሆኑ ነው። ወንጌልን ከጻፉት አራቱ አንዱ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጸበል የምትሄድ ሰው ሂድ፤ እንክብልህን ግን በኪስህ ይዘህ ሂድ፤ ሰዓቱም ሲደርስ ዋጠው። መድኃኒትህን ጣል የሚልህ ሰው ግን የሃይማኖት ልብስ ቢለብስም አትስማው።

አራተኛ፤ አንዳንዶች አይደብቁም፤ ነገር ግን ከዝምታ የማይሻል ሌላ ነገር ያደርጋሉ፤ ይኸውም ሰውን በቁሙ ማልቀስ ነው። ሕመሙ ከታወቀ ጀምሮ በፊቱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከሥራው «ይረፍ» ብለው ያስቀሩታል፤ በቤቱ ጉዳይ አያማክሩትም፤ ቀልድ አይቀልዱለትም፤ ስሕተት ቢናገር እንኳ አይከራከሩትም። ይህን ያህል የሚያሳምም ነገር የለም። ታማሚ ሰው እንጀራ ይፈልጋል፤ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ወቀሳም ይፈልጋል። እኔ ባለቤቴ «የኤሌክትሪክ ሒሳብ ዛሬም ሳትከፍል መጣህ?» ብላ የተቈጣችኝ ቀን ከሰው መቆጠሬን አውቄ ደስ አለኝ። ሰው የሚሞተው ትንፋሹ ሲወጣ ነው እንጂ የሕመሙ ስም ሲጠራ አይደለም።

አምስተኛ፤ «ካንሰር የሀብታም አገር ጉዳይ ነው፤ እኛ ድኾች ነን፤ ቢታወቅስ ምን እናደርጋለን?» ይላሉ። ይህ ክርክር ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ እውነትም አለበትና። የደም ካንሰር በሕፃናት ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች ሁሉ የበዛው ነው። በሀብታም አገሮች በብዙ የሚታየው ዓይነት ከያዛቸው 100 ሕፃናት ከ80 በላይ ይድናሉ፤ በድኻ አገሮች የሚድኑት ከዚህ በጣም ያንሳሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው ዕቅድ በ2030 በዓለም ሁሉ ካንሰር ከሚይዛቸው ሕፃናት ቢያንስ ከ100 ስድሳው እንዲድኑ ቆርጧል። ነገር ግን ልዩነቱን የሚያመጣው የመድኃኒት ዋጋ ብቻ አይደለም። ዘግይቶ መምጣት አለበት፤ ሕክምናውን አቋርጦ መጥፋት አለበት፤ የደም እጥረት አለበት። እነዚህ ሦስቱ ከገንዘብ ይልቅ እውቀትና የሰው ልብ ይፈልጋሉ። ድኽነት ለብዙ ነገር ምክንያት ይሆናል፤ ለዝምታ ግን ምክንያት አይሆንም። እንዲያውም ድኻ ሰው ከሀብታም ይልቅ መናገር ያስፈልገዋል፤ ያለ ሰው ሌላ ሀብት የለውምና።

የተናገሩ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ደግሞ ተመልከቱ። ማቴዎስ ወንዱ የሚባል የአራት ዓመት ሕፃን በአገራችን በደም ካንሰር ሞተ። አባቱ አቶ ወንዱ በቀለ ሐዘናቸውን በቤታቸው ቀብረው «ሆድ ይፍጀው» ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም። እርሳቸው ግን በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም የሚጠራውን የኢትዮጵያ የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ፤ ያ ሕፃን በዕድሜው ካገኘው ይልቅ ብዙ ወዳጅ በስሙ አገኘ። መድኃኒቴን የምቀበልበት የማክስ ፋውንዴሽንም ታሪኩ ይኸው ነው። «ማክስ» ማለት በዚሁ እኔ በያዘኝ በሽታ የሞተ ማክሲሚሊያኖ የሚባል ወጣት ነው፤ ቤተሰቦቹ በ1997 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በስሙ ድርጅት አቆሙ። እርሱን አላውቀውም፤ አገሩንም አላየሁም፤ ቤተሰቡ ስሙን ለመጥራት ስላላፈሩ ግን እኔ በካዛንችስ ዳንሁ። የቅርጫት ኳስ የምትወዱ ወጣቶች ከሪም አብዱል ጀባርን ስሙን ታውቃላችሁ። እርሱም የእኔው ዓይነት በሽታ ይዞት በ2009 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለዓለም ሁሉ ገልጦ ተናገረ፤ ከዚያም በኋላ መጽሐፍ ሲጽፍና ሲያስተምር ኖሯል። ያ ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም ሰው ያላፈረበትን ነገር እኔ አንዱ መምህር በቡና ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄው ነበር።

እኔስ መቼ ተናገርሁ? ተማሪዬን ከቀበርሁ በኋላ እንኳ ወዲያው አልተናገርሁም፤ ስድስት ዓመት ያህል ፈራሁ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ካዛንችስ ለልማት እንደምትነሣ ተነገረን። በጣልያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ስሟን የወሰደችው ያች ሰፈር ፈርሳ ሰዉ ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ሊበተን ሆነ። እድራችን ገንዘቡንና ድንኳኑን ምን እናድርገው ብሎ በመጨረሻ ተሰበሰበ። በዚያ ቀን ዙሪያዬን ብመለከት፣ እነዚህ ሰዎች እኔን ሊቀብሩ ለዓመታት መዋጮ የከፈሉ ናቸው፤ በሕይወቴ ሳለሁ ግን አንዳቸውም እንዴት እንደምኖር አያውቁም። ሰው ለቀባሪዎቹ ሕመሙን ካልነገረ ለማን ይነግራል?

ስለዚህ የእድሩን ዳኛ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁና «ወገኖቼ፣ ያ ለጡረታ ጉዳይ የምላችሁ ሁሉ ውሸት ነበር፤ እኔ የደም ካንሰር ከያዘኝ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንደምታዩኝም አለሁ» አልሁ። ከአሁን አሁን ሰው ይጠቋቆምብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ያችው ስለ ጡረታዬ የተቈጡልኝ እትዬ ተነሥተው «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት እኛ ምን ሆነን ነው ብቻዎን የተመላለሱት?» ብለው ገሠጹኝ። ሌላ ማንም ምንም አላለም፤ ዳኛውም ወደ ድንኳኑ ጉዳይ መለሱን። ስብሰባው ሲበተን ግን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። አንዱ እኅቱ ምን መድኃኒት እንደምትውጥ ጠየቀኝ። አንደኛዋ የልጇ ድድ ያለ ምክንያት እንደሚደማ ነገረችኝና በማግሥቱ ወደ ሐኪም ወሰደችው፤ ደግነቱ የልጁ ሕመም ሌላ ሆነ። ሦስተኛው አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ምንም ሳይናገር እጄን ይዞ ቆየና «እኔም እንደዚሁ ነኝ» ብሎኝ ሄደ። በአንድ ግድግዳ ስንዋሰን የኖርን ሰዎች ነበርን።

ያን ጊዜ ያስለቀሰኝ የሕመሙ ነገር አልነበረም። ሰፈራችን የምትፈርስበት ሳምንት ደርሶ ነበርና፣ እርስ በርሳችን መረዳዳት የሚቻለን ያ ሁሉ ዓመት በዝምታ አልፎ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የእኔ ዘመን ሰዎች ባሕርያችን እንደ አሮጌ ግንብ ነው፤ ለመለወጥ እንቸገራለን። አንተና አንቺ ግን ገና ናችሁ። ስለዚህ አራት ነገር አደራ እላችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ምልክቶቹን ዕወቁ። የማይለቅ ድካም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የአንገት ወይም የብብት ንፍፊት ማበጥ፣ ከግራ ጎን በታች መክበድ፣ በሰውነት ላይ ሳይመቱ የሚወጣ ሰማያዊ ምልክት፣ የድድና የአፍንጫ መድማት፤ እነዚህ ሁሉ የደም ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከቆዩ የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። ምርመራው በብዙ የጤና ቤት የሚገኝ ነው።

ሁለተኛ፣ በቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ አትዋሹት። መድኃኒቱን በሰዓቱ አስታውሱት፤ ወደ ሐኪም አብራችሁት ሂዱ፤ ከዚያ በተረፈ እንደ ቀድሞው ተጫወቱት፣ ተከራከሩትም።

ሦስተኛ፣ ደም ስጡ። በዚሁ በቂርቆስ፣ በስታዲየም አካባቢ፣ ቀድሞ በቀይ መስቀል ማኅበር ይተዳደር የነበረው ብሔራዊ የደም ባንክ አለ። ዕድሜው 18 የሞላና ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ፈጣኑ የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን በሕክምናው ጊዜ የራሱን ደም ማፍራት አይችልም፤ የሚኖረው በሌላ ሰው ደም ነው። ደምን የሚያረጉት ደቃቆች ደግሞ ከአምስት ቀን በላይ ስለማይቆዩ አምና የተሰጠ ደም ዘንድሮ አይደርስለትም። እኔ በሕመሜ ምክንያት መስጠት አልችልም፤ ስለዚህ የእኔንም ድርሻ አደራ እላችኋለሁ።

አራተኛ፣ ስሙን ጥሩት። «ያ በሽታ»፣ «ክፉው ነገር» አትበሉ። የእኔ በሽታ በዓለም ላይ የሚታሰብበት ቀን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠነኛው ወር 22ኛው ቀን ነው፤ የተመረጠውም ቁራጭ በተለዋወጡት በ9ኛውና በ22ኛው ክሮሞሶም ምክንያት ነው። ቀኑ ለእኛ ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ መስቀል ሳይደርስ ይውላል። ደመራ ልታዩ በምትዘጋጁበት በዚያ ሳምንት፣ ከጎረቤታችሁ አንድ ሰው መድኃኒቱን በቆርቆሮ ውስጥ ደብቆ እንደሚኖር አስቡ፤ እንዲናገርም የሚያስችለውን ፊት አሳዩት።

እኔ ቤቴ ከካዛንችስ ከተነሣ ወዲህ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በኪራይ ቤት እኖራለሁ። መድኃኒቴ አሁን ከምግብ ጠረጴዛው ላይ ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል። የማስጠናቸው ልጆች «ጋሼ፣ ይህ የምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፤ ሰምተው ወደ ሒሳባቸው ይመለሳሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ ጥያቄ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን ትናገራለች። እርሷን ባየሁ ቁጥር ያች ቅዳሜ ትዝ ትለኛለች። ያን ቀን ያልመለስሁትን መልስ ዛሬ በዚህ ጽሑፍ ለሚጠይቅ ሁሉ እመልሳለሁ፤ አዎን፣ ከዚህ ጋር የኖረ ሰው አውቃለሁ።